ከማቅጠን በፊት ማርዘም፦ ስለ ትራውት ማጥመድ ከጎንደር ለደረሱን ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

በዚህ ዕትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች በሙሉ ከጎንደር ከተማና ከአካባቢዋ የተላኩ ናቸው። አብዛኞቹ የሚያጠነጥኑት በአንድ ጉዳይ ላይ ነው፤ ይኸውም በጥቃቅን ሰው ሠራሽ ዝንቦች (ነፍሳት እንዲመስሉ በክርና በላባ በተሸፈኑ መንጠቆዎች) እና በቀጫጭን ክሮች ትራውት የሚባለውን የቀዝቃዛ ውኃ ዓሣ ስለ ማጥመድ ነው። ከዘንጉ የሚነሣው ወፍራም ገመድ ጫፍ ላይ የሚታሰረውን፣ ከወፍራም ወደ ቀጭን እየሳሳ የሚሄደውን ክር አጥማጆች እንደሚጠሩት «ሊደር»፣ ዝንቡ የሚታሰርበትን የመጨረሻውን ቀጭን ቁራጭ ደግሞ «ቲፔት» እያልን እንቀጥላለን።

ጥያቄ፦ ከጥምቀት በዓል በኋላ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ወደ ባሌ ሄደን ትራውት ለማጥመድ አስበናል። እስከዚያው በመገጭ ወንዝ ወይም በጎርጎራ በኩል መለማመድ እንችላለን? ለመሆኑ በእኛ አካባቢ ትራውት የሌለው ለምንድን ነው? (ከአዘዞ)

ትራውት በተፈጥሮው የኢትዮጵያ ዓሣ አይደለም። ቀስተ ደመና ትራውት የሚባለው ዝርያ መነሻው የሰሜን አሜሪካ የፓስፊክ ተፋሰስ ሲሆን፣ ቡናማው ትራውት ደግሞ ከአውሮፓ የመጣ ነው። እንግሊዞች በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ኬንያ ካስገቡት ዘር ተወስዶ፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በባሌ ተራሮች ወንዞች ውስጥ ተለቀቀ፤ ዌብ፣ ሻያና ዳንካ የሚባሉት ወንዞች እስከ ዛሬ ድረስ ሁለቱንም ዝርያዎች ይዘዋል።

ይህ ዓሣ የሚመቸው የውኃ ሙቀት ከ10 እስከ 16 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያለው ነው፤ ሙቀቱ 20 ዲግሪ ሲያልፍ መብላት ይቀንሳል፣ ትንፋሽም ያጥረዋል፤ ምክንያቱም ውኃ በሞቀ ቁጥር በውስጡ ሟሙቶ የሚይዘው ኦክስጅን ያንሳል። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኝ ሆኖ የላይኛው ውኃው አብዛኛውን ጊዜ ከ20 ዲግሪ በላይ ስለሆነ ለትራውት አይስማማም። ቢስማማም እንኳ «አምጥቶ መልቀቅ ነበር» የሚሉትን ወገኖች አልደግፍም፤ በጣና ውስጥ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ ከደርዘን በላይ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አሉና። አንዳንዶቹን ለሳይንስ ዓለም ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ መጀመሪያ ጎንደር መጥቶ የነበረው ጀርመናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፔል ነው። እንዲህ ያለ ሀብት ባለበት ውኃ ውስጥ ባዕድ አዳኝ ዓሣ መጨመር የማይታሰብ ነው።

ልምምዱን በተመለከተ ግን መልሴ «አዎን» ነው። ጎርጎራ ዳርቻ ላይ ቆሮሶ (ቲላፒያ) ትንንሽ ዝንብ ይቀበላል፤ ነጭ ዓሣም ቢሆን የደቡብ አፍሪካ አጥማጆች በቫልና በኦሬንጅ ወንዞች በሰው ሠራሽ ዝንብ የሚያጠምዱት ቢጫ ዓሣ የቅርብ ዘመድ ስለሆነ በዚሁ መንገድ ይያዛል። ይሁን እንጂ ነጭ ዓሣ ጉልበተኛ ነውና ለትራውት የሚያዘጋጁትን ቀጭን ቲፔት አያስሩለት፤ ውፍረቱ 0.18 ወይም 0.20 ሚሊ ሜትር የሆነ ክር ያስፈልገዋል። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ድረስ ደግሞ ነጭ ዓሣ እንቁላሉን ለመጣል ከጣና ወደ መገጭ፣ ወደ ርብና ወደ ጉማራ ስለሚወጣ፣ በእነዚህ ወራት ወንዞቹን ይተዉለት። በወንዝ አፍ ላይ የሚዘረጋው መረብና ዓሣ ለማደንዘዝ ውኃ ውስጥ የሚበተነው የብርብራ ዱቄት ያደረሰበት ጉዳት ይበቃዋል። በጎርጎራ በኩል ቢልሃርዚያ ስላለ በባዶ እግር ውኃ ውስጥ አይግቡ፤ ቦቲ ጫማ ያድርጉ፤ ጠዋትና ማታ ደግሞ ጉማሬ ከመኖሩ አይዘናጉ።

ሊደሩን በቀጥታና በለስላሳው የመወርወርን ጥበብ ለመማር ግን ውኃም ሆነ ዓሣ አያስፈልግም። ክፍት የሣር ሜዳ ላይ፣ በመንጠቆ ፋንታ ትንሽ የቀይ ሱፍ ቁራጭ አስረው፣ 10 ሜትር ርቀት ላይ ያስቀመጡት ሰፌድ ውስጥ እስኪያርፍልዎ ድረስ ይወርውሩ። ከ10 ሜትር በላይ መወርወር የሚያስፈልግበት የባሌ ወንዝ ብዙ አይደለም።

ጥያቄ፦ ለትራውት 20 ቁጥር ዝንብና 7 ኤክስ ቲፔት ያስፈልጋል የሚል ምክር ደጋግሜ አነበብኩ። ይህን ያህል መቅጠን ያለበት ዓሣው ክሩን እንዳያይ ነው? ከሆነስ ፍሎሮካርቦን የሚባለውን ውድ ክር መግዛት አይሻልም? (ከማራኪ)

በቅድሚያ ቁጥሮቹን እናብራራ። የመንጠቆ ቁጥር በጨመረ መጠን መንጠቆው ያንሳል፤ በ20 ቁጥር መንጠቆ ላይ የተሠራ ዝንብ ከስንዴ ቅንጣት አይበልጥም። «ኤክስ» የሚባለው መለኪያም እንደዚሁ ወደ ታች የሚቆጥር ነው፦ ከ11 ላይ የኤክሱን ቁጥር ሲቀንሱ የክሩን ውፍረት በኢንች አንድ ሺህኛ ያገኛሉ። በዚህ ስሌት 5 ኤክስ 0.15 ሚሊ ሜትር፣ 6 ኤክስ 0.13፣ 7 ኤክስ 0.10 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። መለኪያው ክር ከሐር ትል አንጀት ይሠራ በነበረበት ዘመን የቀረ ነው፤ በቀዳዳ ብረት ውስጥ ብዙ ጊዜ የተሳበው የበለጠ ይቀጥን ነበርና። የመንጠቆውን ቁጥር ለ3 ማካፈል የሚስማማውን ኤክስ በግምት ይሰጥዎታል፤ ለ18 ቁጥር 6 ኤክስ፣ ለ14 ቁጥር 5 ኤክስ ማለት ነው።

ወደ ዋናው ጥያቄ ስንመጣ፣ «ዓሣው ክሩን እንዳያይ» የሚለው ማብራሪያ ከፊል እውነት ቢኖረውም ዋናው ምክንያት እሱ አይመስለኝም። ከዝንቡ ሆድ ሥር ተንጠልጥሎ የሚታየውን ባዶ መንጠቆ ችላ ብሎ አፉን የሚከፍት ዓሣ፣ በ0.15 እና በ0.10 ሚሊ ሜትር መካከል ያለውን ልዩነት አይቶ ይሸሻል ማለት ይከብዳል። ትራውትን የሚያስጠረጥረው የክሩ መታየት ሳይሆን የዝንቡ አካሄድ ነው። የወንዝ ገጽ አንድ ወጥ ሆኖ አይፈስም፤ እጅ ለእጅ በሚባል ርቀት ላይ አንዱ ፈሳሽ ይፈጥናል፣ ሌላው ይዘገያል፣ ሦስተኛው ድንጋይ ዞሮ ወደ ኋላ ይመለሳል። እውነተኛዋ ትንኝ ከወደቀችበት ፈሳሽ ጋር አብራ ትሄዳለች፤ በክር የታሰረው ዝንብ ግን ክሩ ያረፈበት ሌላ ፈሳሽ ይጎትተዋል፤ ለእኛ ዓይን የማይታይ ጥቂት መጎተት እንኳ ውኃው ላይ ሽብሽብ ያወጣል። ዝንቡ ትልቅ ሲሆን ክብደቱ ክሩን ይቋቋማል፤ 20 ቁጥር ዝንብ ግን ክብደት የለውም ማለት ይቻላልና ግትር ክር ወደ ፈለገበት ይገፋዋል።

ቅጥነት የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። የአንድ ክር የመታጠፍ ግትርነት ከውፍረቱ አራተኛ ርቢ ጋር፣ የመበጠስ አቅሙ ግን ከውፍረቱ ሁለተኛ ርቢ ጋር ይሄዳል። ከ5 ኤክስ ወደ 6 ኤክስ ሲወርዱ ግትርነቱ ከግማሽ በታች ይሆናል፤ ወደ 7 ኤክስ ሲወርዱ አንድ አምስተኛ ብቻ ይቀረዋል፤ ጥንካሬው ግን በዚያው ጊዜ ከግማሽ በታች ይወርዳል። በሌላ አነጋገር ቀጭን ክር የሚገዛው ልስላሴን ነው፤ ዋጋውን የሚከፍለው ደግሞ በጥንካሬ ነው።

ልስላሴን ያለዚህ ክፍያ ማግኘት የሚቻልበት መንገድ ግን አለ፤ ብዙ አጥማጆች የሚዘነጉትም ይህንኑ ነው። ቲፔቱን ያርዝሙት። ከ60 ሴንቲ ሜትር ወደ 1 ሜትር ያደገ ቲፔት ውኃው ላይ ተጣጥፎ ስለሚያርፍ፣ ፈሳሹ እጥፋቶቹን ዘርግቶ እስኪጨርስ ድረስ ዝንቡ በነፃነት ይንሳፈፋል፤ የክሩ ጥንካሬም አይነካም። እኔ የምመክረው አካሄድ እንዲህ ነው፦ 2.7 ሜትር በሚሆን ሊደርና በ5 ኤክስ ይጀምሩ፤ ዓሣው ወደ ዝንቡ ተነሥቶ ተመልሶ ከወረደ ቲፔቱን እስከ 1 ሜትር ያርዝሙ፤ ያም ካልሠራ የቆሙበትን ቦታ ቀይረው በክሩና በዝንቡ መካከል የተለያየ ፍጥነት ያለው ፈሳሽ እንዳይገባ ያድርጉ፤ ከዚያ በኋላ ወደ 6 ኤክስ ይውረዱ። 7 ኤክስን ውኃው ዝግ ብሎ እንደ መስተዋት በሚታይባቸው ኩሬዎችና በመጠን ከ20 ቁጥር ለሚያንሱ ዝንቦች ብቻ ያቆዩት። መደብር የገቡ ዕለት 7 ኤክስ ገዝቶ በሁሉም ቦታ ማሰር ጥንቃቄ ይመስላል እንጂ ስንፍና ነው።

ፍሎሮካርቦን ከናይለን ይልቅ ብርሃንን የሚሰብርበት መጠን ለውኃ የቀረበ መሆኑ እውነት ነው፤ የውኃው 1.33፣ የፍሎሮካርቦን 1.42፣ የናይለን ደግሞ ከ1.5 በላይ ነው። ነገር ግን ክብደቱ የውኃን 1.78 እጥፍ ስለሆነ ይሰምጣል፤ ናይለን ከውኃ የሚበልጠው በጥቂቱ ብቻ ነው። ስለዚህ ከውኃ በታች ለሚሠሩ ዝንቦች ፍሎሮካርቦን ጥሩ ነው፤ ገጹ ላይ ለሚንሳፈፍ ዝንብ ግን ገንዘብዎን አያባክኑ። የትኛውንም ቢገዙ ከመደብር ፊት ለፊት ፀሐይ ላይ ተሰቅሎ የከረመውን ጥቅል አይውሰዱ፤ በተለይ ናይለንን ፀሐይ ያደክመዋል፣ መድከሙም በዓይን አይታይም።

ስለ መታየት ካነሡ አይቀር፣ የሚታየው ክሩ ሳይሆን እርስዎ ነዎት። ዓሣ ከውኃ በላይ ያለውን ዓለም የሚያየው ወደ 97 ዲግሪ በሚሰፋ ክብ መስኮት በኩል ነው፤ 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ያለ ትራውት መስኮቱ 70 ሴንቲ ሜትር ቢሰፋ ነው፤ ከዚያ ውጭ ያለው የውኃ ገጽ ለእሱ መስተዋት ነው። ከፍ ብሎ የሚቆም ሰው በመስኮቱ ጠርዝ ላይ ብቅ ይላል፤ ጎንበስ ብሎ ከኋላው የሚቀርብ ግን ከዕይታው ሥር ይሆናል። ትራውት ፊቱን ወደ ፈሳሹ መምጫ አዙሮ ስለሚቆም ከታች ወደ ላይ ይቅረቡት። ከኅዳር እስከ የካቲት ባሉት ደረቅ ወራት ውኃው ጠርቶ ስለሚወርድ ይህ ጥንቃቄ ከማንኛውም ፍሎሮካርቦን ይበልጥ ይጠቅማል።

ጥያቄ፦ ማሲንቆ እጫወታለሁ። የፈረስ ጭራ በጣም ቀጭንና ጠንካራ ስለሆነ ለቲፔት አይሆንም ወይ? ጓደኞቼ ሲስቁብኝ ነው የምጠይቀው። (ከአራዳ)

ጓደኞችዎ ባይስቁ ይሻላቸው ነበር፤ አውሮፓውያን ለብዙ መቶ ዓመታት ያጠመዱት በዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1496 እንግሊዝ አገር ታትሞ የወጣ ስለ ማጥመድ የሚናገር ጽሑፍ የፈረስ ጭራ እንዴት እንደሚገመድና እንዴት ቀለም እንደሚነከር ያስተምራል። ከዘንጉ በኩል ብዙ ጭራ አንድ ላይ ይገመዳል፤ ወደ ዝንቡ በቀረበ ቁጥር አንዳንዱ እየተቀነሰ ጫፉ ላይ አንድ ወይም ሁለት ጭራ ብቻ ይቀራል፤ የዛሬው ሊደር እየሳሳ የሚሄድበት ሥርዓት የመጣው ከዚያ ነው። የወንድ ፈረስ ነጭ ጭራ ይመረጥ ነበር፤ የባዝራ ጭራ ሽንት ስለሚነካው ይደክማል ይባል ነበርና።

ዛሬ ግን እንዲጠቀሙበት አልመክርም። እ.ኤ.አ. በ1935 የተፈለሰፈው ናይለን ከተስፋፋ በኋላ የፈረስ ጭራ የተተወው ያለ ምክንያት አይደለም፦ አንድ ነጠላ ጭራ ተመሳሳይ ውፍረት ካለው ናይለን በጣም ባነሰ ጉልበት ይበጠሳል፣ ደረቅ ሆኖ ሲቋጠር ይሰበራል፣ ርዝመቱም ከጭራው አያልፍም። ለሙከራ ከፈለጉ ግን በማሲንቆዎ ላይ ያልዋለ፣ ዕጣን ወይም ሙጫ ያልነካው ጭራ ይምረጡ፤ ለግማሽ ቀን ውኃ ውስጥ ዘፍዝፈው ካለሰለሱት በኋላ ይቋጥሩት፤ ለመጀመሪያው ሙከራም ከእጅ መዳፍ የማይበልጥ ዓሣ ይፈልጉ።

ጥያቄ፦ ዝንብ ማሠሪያ ዕቃዎች እዚህ አይገኙም። ለፋሲካ ከምናርደው አውራ ዶሮ ላባና ከነጠላ ፈትል መሥራት ይቻላል? (ከቀበሌ 18፣ የሁለት ልጆች እናት)

ይቻላል፤ ግን ሁሉም ነገር ለሁሉም መጠን አይሆንም። የአውራ ዶሮ የአንገት ላባ ከጥንት ጀምሮ የዚህ ሙያ ዋና ዕቃ ነው። ላባው መንጠቆው ዙሪያ ሲጠመጠም የሚቆሙት ፀጉሮች ዝንቡን ውኃ ላይ ይይዙታል፤ ርዝመታቸውም ከመንጠቆው አፍ ስፋት አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ መሆን አለበት። የአገራችን ዶሮ ላባ ፀጉሩ ረጅም ስለሆነ ለ12 እና ለ14 ቁጥር ይበቃል፤ ከአናቱ ሥር ያሉትን ትንንሾቹን መርጠው ካወጡ 16 ቁጥርንም ይሞክሩ። ነጮቹ ለጥቃቅን ዝንብ የሚሆን ላባ ለማግኘት ለብዙ ትውልድ ያዳቀሉት የተለየ ዶሮ አላቸው፤ ከእርሱ ጋር መወዳደር አያስፈልግም። ወጡ ሳይሠራ በፊት፣ ዶሮው ፈላ ውኃ ሳይነካው፣ የአንገቱን ቆዳ ከነላባው ገፈው ውስጡን ጨው ቀብተው ጥላ ላይ ያድርቁት፤ ፈላ ውኃ የነካው ላባ ይጠማዘዛል።

በመጠን ከ18 ቁጥር ለሚያንሱ መንጠቆዎች ላባውን ጨርሶ ይተዉት። ትራውት በብዛት ከሚበላቸው ነፍሳት መካከል ትንኝ አንዷ ናት፤ እጯ በጭቃና በድንጋይ ሥር ኖራ፣ ክንፍ ለማውጣት ወደ ውኃው ገጽ ስትወጣ ዓሣው ይለቅማታል። ይህችን ለመምሰል ክርና ሽቦ ብቻ ይበቃል፦ ከመንጠቆው ዓይን ጀምሮ እስከ መታጠፊያው ድረስ ጥቁር ወይም ቡናማ ክር በስሱ ይጠምጥሙ፤ ከተበላሸ ሬዲዮ የወጣ ፀጉር የመሰለ የመዳብ ሽቦ በአራትና በአምስት ዙር ያሻግሩበት፤ ከዓይኑ ሥር ክሩን ጥቂት ደርበው ጭንቅላት ያውጡለትና ቀለም በሌለው የጥፍር ቀለም ያሽጉት። ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ጀማሪ ሁሉ ክር ያበዛል፣ ዝንቡም ይወፍርበታል። ሲጨርሱ «ይህ ምን ይበላዋል» የሚያሰኝ ኮሳሳ ሆኖ ከታየዎት ልክ ነው።

የነጠላ ፈትል ውኃ የሚጠጣና ወፍራም ስለሆነ ለዚህ አይመችም። የልብስ ስፌት ክር የተሻለ ነው፤ እሱም ብዙውን ጊዜ ከሁለት ወይም ከሦስት ቀጫጭን ክሮች የተገመደ ስለሆነ ግመዱን ፈትተው አንዱን ብቻ ይጠቀሙ። እንዳይንሸራተት በንጹሕ ሰም ያሹት፤ ሰሙን ገበያ ይገዙታል እንጂ ለቤተ ክርስቲያን ከተዘጋጀ ጧፍ ላይ አይቁረሱ። ልጆችዎ አብረው የሚሠሩ ከሆነ ደግሞ የመንጠቆውን እሾህ (ከጫፉ ሥር ወደ ኋላ ያዘነበለውን ጥርስ) አስቀድመው በፒንሳ ይጨፍልቁት፤ ጣት ላይ ቢሰካ በቀላሉ ይወጣል፤ ዓሣውንም ለመልቀቅ ያመቻል።

ጥያቄ፦ ባለፈው ዓመት ባሌ ሄጄ ዓሣ በነከሰ ቁጥር ክሩ ይበጠስብኝ ነበር። ክሩ 6 ኤክስ ነው። ሐሰተኛ ዕቃ ይሆን? (ከጎንደር ከተማ)

ሊሆን ይችላል፤ ግን አስቀድመው የተበጠሰውን ጫፍ ይመርምሩ። ጫፉ እንደ አሳማ ጭራ ተጠቅልሎ ከተገኘ ቋጠሮው ሾልኳል፤ ሲጠብቅ በደንብ አልጠበቀም ማለት ነው። ከቋጠሮው በላይ ቀጥ ብሎ ከተቆረጠ ክሩ ድንጋይ ነክቶታል ወይም አርጅቷል። ልክ ቋጠሮው ላይ ከተበጠሰ ደግሞ ደረቅ ሆኖ ተስቦ ሰበቃው አቃጥሎታል፤ ቋጠሮ ሁሉ ከመጥበቁ በፊት በምራቅ ይርጠብ። ለዝንቡ ክሩ በራሱ ላይ አምስት ዙር ተጠምጥሞ የሚታሰረው ክሊንች ቋጠሮ፣ ለቲፔቱና ለሊደሩ መገጣጠሚያ ድርብ ሆኖ ሁለት ጊዜ የሚሾልከው የቀዶ ሐኪም ቋጠሮ ይበቃል።

ዓሣው «በነከሰ ቁጥር» ማለትዎ ግን ከቋጠሮ ይልቅ እጅዎን ያስጠረጥረኛል። ቆሮሶ በወፍራም ክር የለመደ ሰው ሲነከስ ዘንጉን በኃይል ይነጥቃል። ጥቃቅን መንጠቆ ስለታምና ቀጭን በመሆኑ ለመሰካት ኃይል አይፈልግም፤ ዘንጉን ቀስ ብሎ ከፍ ማድረግ፣ የክሩ መወጠር እስኪሰማዎ ድረስ ብቻ፣ ይበቃዋል። ከዚያ በኋላ ዓሣው ሲሮጥ ይሩጥ፤ የማጠንጠኛው ፍሬን በጣም ላልቶ ክሩ ያለ ማንገራገር ይውጣ፤ ሲያርፍ ይሰብስቡ። ዘንጉን ወደ ሰማይ ቀጥ አድርገው ከመያዝ ይልቅ ወደ ጎን አዘንብለው ከወንዙ ዳር ወደ ዳር ይምሩት፤ ከተቻለ ከዓሣው ጎን ወይም ከበታቹ ሆነው አብረውት ይውረዱ። ለስላሳ ባለ 3 ወይም ባለ 4 ቁጥር ዘንግ (የዘንግ ቁጥር ከመንጠቆ በተቃራኒ ሲያንስ ዘንጉ ይቀላል) ድንገተኛ ንጥቂያን ስለሚያበርድ፣ ጠንካራ ዘንግ ይዘው ከሆነ ችግሩ ግማሹ ከዚያ ነው።

ጥያቄ፦ አባቴ «ይዞ መልቀቅ በዓሣ ላይ መቀለድ ነው፤ ወይ ብላው ወይ ተወው» ይሉኛል። ምን ልመልስላቸው? (ከአዘዞ)

ለአባትዎ ከፊል እውነት አለ ብለው ይመልሱላቸው። ዓሣን በቀጭን ክር ረጅም ጊዜ ማታከት ያለ ፋይዳ ማሠቃየት ነው፤ ሲታገል የደከመ ትራውት ሲለቀቅ እየዋኘ ቢሄድም ከቆይታ በኋላ ሊሞት ይችላል፤ ውኃው ወደ 20 ዲግሪ ሲጠጋ ደግሞ አደጋው ይጨምራል። ስለዚህ የቲፔት ምርጫ የብልሃት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ዓሣውን በአጭር ጊዜ ማውጣት የማይችል ክር፣ ብዙ ቢያስነክስም፣ ከልክ በላይ ቀጥኗል።

ለመብላት ካሰቡ የበቃዎትን ወዲያው ገድለው ይውሰዱ፤ ለመልቀቅ ካሰቡ ደግሞ እጅዎን አርጥበው፣ ከውኃ ሳያወጡ፣ እሾህ የሌለውን መንጠቆ ነቅለው ይልቀቁት። ከዚያ በፊት ግን የአገር ሕግ አለ፦ በ1995 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315 ስለ ፈቃድና ስለ ማጥመጃ ዘዴ ይደነግጋል፤ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ደግሞ የራሱ ሥርዓት ስላለው፣ ዲንሾ በሚገኘው ዋና ጽሕፈት ቤቱ ስለ ፈቃዱና ይዞ ስለ መውሰድ ሳይጠይቁ ክር ውኃ ላይ አይጣሉ።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። እጄ አይንቀጠቀጥም፤ ዓይኔ ግን 20 ቁጥር መንጠቆ ውስጥ ክር ማስገባት አልቻለም። ተስፋ ልቁረጥ? (ከሳሙና በር አካባቢ)

ጋሼ፣ ተስፋ የሚያስቆርጥ ነገር የለም። የመንጠቆውን ዓይን ወደ ሣር ወይም ወደ ልብስዎ አዙረው አይፈልጉት፤ ወደ ሰማይ ከፍ አድርገው ብርሃን በዓይኑ በኩል ሲያልፍ ይመልከቱት። የቲፔቱን ጫፍ በሰያፍ ይቁረጡት፤ ሲሰካ ይሾልካል። ለንባብ ከሚጠቀሙበት መነጽር ከፍ ያለ ቁጥር ያለው ሌላ መነጽር በአንገትዎ ያንጠልጥሉ፤ የውኃውን ነጸብራቅ የሚቀንሰው ፖላራይዝድ መነጽር ደግሞ ዓሣውን ለማየት ነውና አንዱ ሌላውን አይተካም።

ዋናው መፍትሔ ግን ሥራውን ከወንዙ ዳር ወደ ቤት መመለስ ነው። በቀን ብርሃን፣ ጠረጴዛ ላይ፣ የልጅ ልጅ ካለዎትም በእርሱ ዓይን፣ እያንዳንዱን ዝንብ 70 ሴንቲ ሜትር በሚሆን 6 ኤክስ ክር ላይ አስረው በሌላኛው ጫፍ ትንሽ ቀለበት ይቋጥሩለት። ሰባት ስምንቱን በወፍራም ካርቶን ላይ ለየብቻ ጠቅልለው፣ የዝንቡን ዓይነትና ቁጥር ከጎኑ ይጻፉ። የሊደሩም ጫፍ ቀለበት ይኑረው። ወንዙ ዳር ሲደርሱ ሁለቱን ቀለበቶች እርስ በርስ ማሾለክ ብቻ ይቀርዎታል፤ እሱን በጣት ዳሰሳም መሥራት ይቻላል። ቀለበቶቹ ትንሽ ውኃ ስለሚይዙ በጣም ዝግ ባለ ኩሬ ላይ ሽብሽብ ሊያወጡ ይችላሉ፤ እንዲህ ባለ ቦታ ቲፔቱን ከ70 ወደ 100 ሴንቲ ሜትር አድርገው ያዘጋጁት፣ ቀለበቱም ከዝንቡ ይርቃል።